ቀድሞ መግባት፣ ቀድሞ መውጣት

እንደምን አመሻችሁ። መምህራንና ወላጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሳይ ደስ ይለኛል። ስለ ልጆች ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ የምትነጋገሩት በልጁ ቦርሳ በሚመላለስ ቁራጭ ወረቀት ነውና።

የተጠራሁበት ጉዳይ ይህ ነው። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ «የምትወደውን ርዕስ ምረጥ፣ ራስህ መርምር፣ ያገኘኸውን ለሌሎች አቅርብ» ይባላል። አጠገቡ ያለን አዋቂዎችስ ምን እናድርግ? በተግባር የማየው ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ «ራሱን ችሎ ይሥራ ተብሏል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሌላው በማቅረቢያው ዋዜማ ማታ መቀስና ሙጫ ይዞ ከልጁ ቀድሞ ጠረጴዛውን ይይዛል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው። ለሳምንታት ዝም ይልና በመጨረሻው ሌሊት ይደነግጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

እኔ የምለው ተገላቢጦሹን ነው። ጉልበታችንን መጀመሪያ ላይ፣ ጥያቄው ሲቀረጽና ዘዴው ሲታሰብ እናፍስስ። ከዚያ እየቀነስን እንሂድ። ፖስተሩ በሚለጠፍበት ሰዓት እጃችን ከሥራው ላይ ጨርሶ የተነሳ ይሁን።

መጀመሪያ ግን «ልጅ ከተተወ በራሱ ይደርስበታል» የሚለውን እምነት ላንሳ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የትምህርት ምሁሩ ዊልያም ኪልፓትሪክም በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ሲጽፍ፣ መነሻቸው ልጅ ከሚነገረው ይልቅ ራሱ የሠራውን ይይዛል የሚል ነበር። ሐሳቡ ሩቅ ሄዷል። ዛሬ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት የአንደኛ ደረጃ መርሐ ግብር የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች «ኤግዚቢሽን» የሚባለውን ረጅም የምርምር ሥራ ያቀርባሉ። ሌሎች ብዙ ትምህርት ቤቶችም በየስማቸው ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ነገር ግን ዱዊ ራሱ በ1938፣ በስሙ እየማሉ ልጆችን ያለ መሪ የለቀቁትን ትምህርት ቤቶች በግልጽ ተችቷል። ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

በ2004 ዴቪድ ክላርና ሚሌና ኒጋም የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለእኛ ጉዳይ በቀጥታ የሚናገር ነው። የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች ኳስ የሚንከባለልበት ተዳፋት ተሰጣቸው። ተዳፋቱን ማቅናትና ማጋደል ይቻላል፣ ወለሉን ሻካራ ወይም ለስላሳ ማድረግ ይቻላል፣ ኳሱንም መለወጥ ይቻላል። ኳሱ ርቆ እንዲሄድ የሚያደርገው የትኛው ነው? ይህን ለማወቅ አንዱን ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። ለአንዱ ቡድን ይህ ዘዴ በምሳሌ ተነገረው፤ ይህ ንጽጽር ደህና ነው፣ ያኛው አይሆንም፣ ምክንያቱም እያሉ። ሌላው ቡድን በዚያው መሣሪያ ራሱ እየሞከረ እንዲደርስበት ተተወ። ከተነገራቸው ልጆች 77 በመቶው ዘዴውን ያዙ። ከተተዉት ውስጥ የያዙት 23 በመቶ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ «ቢሆንም ራሳቸው የደረሱበት በጥልቀት ገብቷቸዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ተመራማሪዎቹም ይህን አስበውበታል። በኋላ ልጆቹ ሌሎች ልጆች ለሳይንስ ዐውደ ርዕይ የሠሯቸውን ፖስተሮች እንዲተቹ ተደረገ። ዘዴውን የያዙት ልጆች፣ ተነግሯቸውም ይሁን ራሳቸው አግኝተውት፣ በትችቱ እኩል ነበሩ። የያዙበት መንገድ ልዩነት አላመጣም።

ስለዚህ ዘዴ ይነገር። አንዱን ብቻ ለውጦ ማነጻጸርን፣ ቆጥሮ መመዝገብን፣ ከማን እንደሰሙ መጻፍን ልጅ በራሱ እስኪፈጥረው አንጠብቅ፤ የሰው ልጅ ይህን ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የማይነገረው ጥያቄው ነው። እሱ የልጁ ካልሆነ የቀረው ሁሉ የቤት ሥራ ነው። በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የሚባሉ ተመራማሪዎች «ያለ በቂ ምሪት ማስተማር አይሠራም» ብለው ሲጽፉ፣ በማግሥቱ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች «ደህና የምርምር ትምህርት እኮ ምሪት የበዛበት ነው» ብለው መለሱላቸው። ክርክሩን ሳነብ ሁለቱም ወገኖች ልጅን ብቻውን መተው እንደማይበጅ ተስማምተው ያበቁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው።

ልጆች ርዕስ ይዘው ይመጣሉ እንጂ ጥያቄ ይዘው አይመጡም። «ስለ ኅዋ»፣ «ስለ ዳይኖሰር»፣ «ስለ እግር ኳስ»። ርዕስ ብቻውን ከተያዘ መጨረሻው የታወቀ ነው፤ ከኢንተርኔት የተገለበጡ አሥራ ሁለት እውነታዎችና አንድ ትልቅ ሥዕል። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ከመምህሯ ጋር እንዲህ ትነጋገራለች እንበል፦

«ስለ ጉንዳን መሥራት እፈልጋለሁ።»

«ጉንዳን ምኑ?»

«ሁሉ ነገሩ።»

«እሺ። ጉንዳን ስታዪ ምን ሲያደርግ ነው ቆመሽ የምታዪው?»

«በመስመር ሲሄዱ። ማንም ሳይነግራቸው።»

«ታዲያ መስመሩን እንዴት የሚያውቁት ይመስልሻል?»

«ከፊት ያለውን እያዩ ነው መሰለኝ። ወይ ደግሞ እያሸተቱ።»

መምህሯ እዚህ ላይ መልሱን ታውቀዋለች። ብዙ የጉንዳን ዝርያዎች ሲሄዱ መሬት ላይ የኬሚካል ምልክት እየተዉ ያልፋሉ፣ ተከታዮቻቸው ያንን እያሸተቱ ይሄዳሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራት ልትገላገል ትችላለች። ብትነግራት ግን ፕሮጀክቱ እዚያው አለቀ። ይልቁንስ እንዲህ ትላለች፦ «ሁለት ነገር ብለሻል። የትኛው እንደሆነ በምን ልናውቅ እንችላለን?» ከዚያ ዝም ትላለች።

ይህ ዝምታ ቀላል አይደለም። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ በቴፕ የተቀዱ ንግግሮችን ስትመረምር፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ራሳቸው የሚጠይቁት ጥያቄም በዛ። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ልጅ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ግን ረጅም ነው፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት።

ልጅቱ ከዝምታው በኋላ «መስመሩን በጣቴ ብጠርገውስ?» ትላለች። አሁን ጥያቄ ተወለደ። ጉንዳኖቹ እየተያዩ ከሆነ የሚሄዱት መጥረጉ ብዙም አያውካቸውም፤ እያሸተቱ ከሆነ ግን የተጠረገው ቦታ ሲደርሱ ግራ መጋባት አለባቸው። ትጠርገዋለች። ደርሰው ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ጥቂት ቆይቶ አንዱ ይሻገራል፣ መስመሩም ቀስ በቀስ ይመለሳል። በአንድ ደቂቃ ስንት ጉንዳን እንዳለፈ ከመጥረጓ በፊትና በኋላ ትቆጥራለች። ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ አገኘች።

የመምህሯ እርዳታ እዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ይላል፦ «ከጣትሽ ጠረን ሸሽተው ቢሆንስ?» ይህን ለ9 ዓመት ልጅ መጠየቅ ጭካኔ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ልጅቱ ጥቂት አስባ ከመስመሩ አጠገብ ያለውን ባዶ መሬት በዚያው ጣቷ ትጠርጋለች፣ ምልክቱን ሳትነካ። ጉንዳኖቹ በመስመራቸው ከቀጠሉ ያወካቸው የምልክቱ መጥፋት ነው ማለት ነው። የክላርና የኒጋም ልጆች የተማሩት ያ ዘዴ፣ አንዱን ብቻ ለውጦ ማነጻጸር፣ በመሬት ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። ወጪ የለውም፣ ላቦራቶሪም አይፈልግም።

ጥያቄን ስመዝን የማየው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ በእጁ፣ በዓይኑ ወይም ሰው ጠይቆ የመልሱን ቢያንስ አንድ ክፍል ራሱ ሊያገኝ ይችላል ወይ? «ዳይኖሰሮች ለምን ጠፉ?» ግሩም ጥያቄ ነው፣ ግን ልጁ ራሱ ሊያገኘው የሚችለው ነገር የለም፤ ሰው የጻፈውን ከመሸምደድ ውጪ። ዳይኖሰር የሚወድ ልጅ ከሆነ ደግሞ አትከልክሉት። «የአንድን እንስሳ የእግር ርዝመት ከዱካው መገመት ይቻላል?» ወደሚለው ውሰዱት። ይህን በክፍል ጓደኞቹ እርምጃና እግር መለካት ይችላል። ዳይኖሰሩ አልጠፋም፣ ጥያቄው ግን እጁ ውስጥ ገባ።

ትንሽ ጥያቄ ዋጋው ትንሽ ነው ለምትሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኤሚሊ ሮዛ አሜሪካዊት ናት። የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ለትምህርት ቤት የሳይንስ ዐውደ ርዕይ አንድ ነገር ልታጣራ ተነሳች። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ነርሶች የታመመ ሰው ሰውነት ላይ ያለ «የኃይል መስክ» በእጃችን ይሰማናል፣ ሳንነካም እናስተካክለዋለን ይሉ ነበር። ሕክምናው በእርግጥ ይፈውሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ሐኪምና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ኤሚሊ ግን ከሥሩ ያለውን ጠየቀች፦ በእርግጥ ይሰማቸዋል? የካርቶን ጋሻ አቆመች። ባለሙያው ሁለት እጆቹን በካርቶኑ ስር አሳልፎ ይዘረጋል፤ እሷ ሳንቲም ወርውራ ከሁለቱ በአንደኛው በላይ የራሷን እጅ ትይዛለች፤ እሱ የትኛው እጁ ላይ እንደሆነ ይናገራል። በግምት ብቻ ግማሹን ማግኘት ይቻላል። 21 ባለሙያዎች በ280 ሙከራ ትክክል የተናገሩት 123 ጊዜ ነው፤ 44 በመቶ። ከግምትም በታች። ሥራው በ1998 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ፤ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ጽሑፉ ላይ አዋቂዎች ተባባሪ ደራሲዎች ነበሩ፣ ከነሱም አንዷ ነርስ የሆነችው እናቷ። ይህን የምጠቅሰው እርዳታ አያሳፍርም ለማለት ነው። ካርቶኑና ሳንቲሙ ግን የልጅ ናቸው፤ አዋቂ ቢሆን ነገሩን አወሳስቦት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

መካከለኛው ጊዜ ላይ ብዙ አልቆይም። ማንበብና ማስታወሻ መያዝ ላይ አንድ ልማድ ብቻ ብታስይዟቸው ይበቃል፦ ልጁ ያነባል፣ መጽሐፉን ይዘጋል ወይም ስክሪኑን ያጠፋል፣ ከዚያ ያስታወሰውን በራሱ አነጋገር ይጽፋል፣ ከሥሩ ከየት እንዳገኘው ያስቀምጣል። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መገልበጥ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ጽሑፉ ዓይኑ ሥር ስላለ ነው። «አትገልብጥ» ብሎ መቆጣት ከመዝጋቱ ያነሰ ይሠራል።

ሰው መጠየቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሚያውቅ ሰው አግኝታችሁ አገናኙት፣ ሰላምታ እንዲሰጥና ራሱን እንዲያስተዋውቅ አስለምዱት፣ ከዚያ ከክፍሉ ውጡ። አብራችሁ ከተቀመጣችሁ ባለሙያው የሚያወራው ከእናንተ ጋር ነው፤ ልጁ መሐል ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

ሥራው የሚሰበርበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ዘሩ አልበቀለም፣ መጠይቁን የሞላ የለም፣ ቁጥሮቹ ምንም አላሳዩም። ልጁ «አልሠራልኝም፣ ርዕስ ልቀይር» ይላል። በዚህች ሰዓት ላይ ጥሩ መመሪያ የሚሆነኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ዉድና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ከትንንሽ ልጆች ጋር ሲሠሩ ያዩት ነው። በ1976 ከጄሮም ብሩነርና ከጌይል ሮስ ጋር ባሳተመው ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች የእንጨት ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ፒራሚድ ይሠሩ ነበር። እርዳታን በእንግሊዝኛው አጠራር «ስካፎልዲንግ» ብሎ መጥራት የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የዉድ ደንብ አጭር ነው፦ ልጁ ሲያቅተው እርዳታህን አንድ ደረጃ ጨምር፣ ሲሳካለት አንድ ደረጃ ቀንስ። አንድ ደረጃ ብቻ። መጀመሪያ «እስቲ ምን ሆነ?» ማለት፣ ካልሆነ «ውሃ ያጠጣኸው የቱን ነው?» ማለት፣ ካልሆነ አብሮ አንዱን ማሳየት። እኛ ግን ከዜሮ ተነስተን በአንዴ «አምጣው እኔ ልሥራው» ላይ እንዘላለን።

ያልበቀለ ዘር ደግሞ ውጤት ነው። «በጨለማ ያስቀመጥኳቸው አምስቱም በቀሉ፣ በጨው ውሃ ያጠጣኋቸው አምስቱም አልበቀሉም» የሚል ልጅ ያገኘው ነገር አለ። «እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አልሆነም» የሚል ዓረፍተ ነገር በፖስተር ላይ ባየሁ ቁጥር ያንን ልጅ የረዳው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሳይነካ ማለፉ ከባድ ነውና።

ወደ መጨረሻው ሳምንት ደረስን፤ የምንወጣበት። እዚህ ላይ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ በእንግሊዝ ዴቨን ውስጥ የብላካውተን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ሥራ ነው። ከ8 እስከ 10 ዓመት ያሉ 25 ልጆች፣ ንቦች አበባን የሚለዩት በቀለሙ ብቻ ነው ወይስ ቀለሞቹ በተቀመጡበት አሰላለፍም ጭምር የሚለውን መረመሩ። ሥራቸው በ2010 መጨረሻ ላይ የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው ሮያል ሶሳይቲ በሚያሳትመው ባዮሎጂ ሌተርስ መጽሔት ወጣ። ጥያቄውን፣ ለንቦቹ የተዘጋጀውን እንቆቅልሽና የውጤቱን ትንተና የሠሩት ልጆቹ ናቸው። የሳይንስ ባለሙያው ቦ ሎቶ ንቦቹን አሠለጠነ፣ ልጆቹ የሚሉትንም ጻፈላቸው። ሥዕሎቹ በልጆቹ እጅ በባለቀለም እርሳስ የተሠሩ ናቸው፤ መጽሔቱም እንዳሉ አተማቸው። በሳይንስ ጽሑፍ የተለመደው የቀደሙ ጥናቶች ዝርዝርም የለውም። ያን ያህል ታዋቂ መጽሔት በእርሳስ የተቀባ ግራፍ ካተመ፣ የእኛ ልጅ ፖስተር ላይ ጠማማ መስመር ቢኖር ማን ይሞታል? የፊደል ስሕተት ካያችሁ ጠቁሙት፣ አርማችሁ ግን አትጻፉለት።

በማቅረቢያው ቀን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየጠረጴዛው እየቆማችሁ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉ። ልጁ ለሳምንታት የደከመበት ሥራ በሁለት ቃል ያልቃል። «ከመጀመርህ በፊት ምን ይመስልህ ነበር?» በሉት። «ይህን እንዴት አወቅሽ?» በሏት። ሥራው የራሱ የሆነ ልጅ እነዚህን ሲሰማ አፉ አያርፍም። ወላጁ የሠራለት ልጅ ወደ ወላጁ ዞር ይላል።

ጥያቄ እንቀበላለን ስላሉኝ፣ አስቀድማ እጇን ያወጣችውን እናት ልስማ።

(ጥያቄው፦ «ልጄ ምንም አይስበውም። ርዕስ ምረጥ ሲባል ‹አላውቅም› ነው የሚለው። የሚወደው ታብሌቱን ብቻ ነው።»)

ይህን ብዙ ወላጅ ይጠይቃል። በመጀመሪያ ታብሌቱ ራሱ ርዕስ ነው። «ከመተኛቴ በፊት አንድ ሰዓት ጌም ስጫወትና ሳልጫወት እንቅልፍ የሚወስደኝ በስንት ደቂቃ ነው?» የሚል ጥያቄ ለሁለት ሳምንት የሚመዘገብ ነው፣ ለእናንተም ሳይጠቅም አይቀርም። ሁለተኛ፣ «ምን ትወዳለህ?» ብለን ስንጠይቀው ልጁ ትክክለኛ መልስ ያለ ይመስለዋል፣ ስለዚህ «አላውቅም» ይላል። ይህን ጥያቄ ተዉትና ለአንድ ሳምንት የሚጠይቃችሁን ነገር፣ የሚያማርረውን ጭምር፣ በወረቀት ጻፉ። «ለምን እኔ ብቻ ቀድሜ እተኛለሁ?»፣ «ለምንድነው ሁልጊዜ ግራ እግሬ ጫማ የሚያልቀው?» በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን ስጡትና አንዱን ይምረጥ። የጫማው ጥያቄ ደህና ነው፤ በክፍሉ ያሉትን ልጆች ጫማ ሁሉ ገልብጦ ማየት ይችላል።

(ከኋላ ያሉ መምህር፦ «ጥያቄውን ለኮምፒውተር ሲሰጡትስ? አሁን ሁሉም ነገር በሰከንድ ይመልሳል።»)

ይመልሳል። ለዚህ ነው ጥያቄው ልጁ ራሱ የሚያገኘው ነገር ይኑረው ያልኩት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉንዳን እያሸተተ እንደሚሄድ ይነግራታል፤ እሷ በጠረገችው መስመር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት እንዳለፈ ግን አያውቅም። ያንን ቁጥር ማግኘት የምትችለው እዚያ ተንበርክካ የቆጠረችው ልጅ ናት። ካስፈለገ በኋላ ትጠይቀው፤ መጀመሪያ የራሷን ግምት ጽፋ፣ ቆጥራ፣ ከዚያ የእሱን መልስ ከራሷ ሠንጠረዥ ጎን ታስቀምጠው። ሁለቱ ባይገጥሙ ደግሞ እሰየው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ተገኘ።